ተሸናፊው ያጨበጨበበት ጨዋታ



ውድ አንባብያን! የሰው ልጅ ሲያሸንፍ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ይስቃል፣ ይዘላል፣ ወዳጆቹን ያቅፋል። ጠባዩ በደንብ የሚታወቀው ግን ሲሸነፍ ነው። አንዱ ዳኛውን ይወቅሳል፤ ሌላው «አሞኝ ነበር» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ካሸነፈው ሰው ጋር ሰላምታ ያቋርጣል። ዛሬ የማወጋችሁ የዓለም ዓይን ሁሉ ባረፈበት መድረክ ላይ ተሸንፎ ሳለ፣ ላሸነፈው ሰው በገዛ እጁ ስላጨበጨበ ሰው ነው። ሰውየው ከእኛ አገር አይደለም፤ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት በቤቴ ውስጥ ለገጠመኝ ጉዳይ ከዚህ ታሪክ ብዙ ስለ ተጠቀምኩ፣ ልጆች ለምታሳድጉ ወንድሞችና እኅቶች ባካፍላችሁ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

ሁለቱ ሰዎች

ጊዜው ሐምሌ 16 ቀን 1964 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972)፣ ቦታው የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይካቪክ ነው። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮና እየተካሄደ ነበር። በአንድ ወገን የተቀመጠው እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የ35 ዓመቱ የሶቪየት ኅብረት ተወላጅ ቦሪስ ስፓስኪ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ የ29 ዓመቱ አሜሪካዊ ቦቢ ፊሸር ነበር። ከ1948 ጀምሮ የቼዝ ዘውድ ከሶቪየቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። ዘመኑም ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት በሁሉም መስክ የሚፎካከሩበት የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለነበር፣ ያ ሰሌዳ የሁለት ሰዎች መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁለት መንግሥታት ክብር የሚለካበት ሆኖ ነበር።

ፊሸር አስቸጋሪ ሰው ነበር። ወደ አይስላንድ የመጣው ዘግይቶ፣ አንድ እንግሊዛዊ ባለሀብት ሽልማቱን ከ125 ሺህ ወደ 250 ሺህ ዶላር ካሳደገለት በኋላ ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ። በሁለተኛው ጨዋታ ቀን «ካሜራዎቹ ይረብሹኛል» ብሎ ሳይመጣ ቀረና ነጥቡ ለስፓስኪ ተሰጠ፤ 2 ለ 0። በዚያን ጊዜ ስፓስኪ ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ቢመለስ ዘውዱ ሳይነካ ይዞት ይሄድ ነበር። ከሞስኮም ጠንከር ያለ አቋም እንዲይዝ ግፊት ይደረግበት እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። እርሱ ግን ሦስተኛውን ጨዋታ ከተመልካችና ከካሜራ ርቆ በአንዲት ትንሽ ክፍል ለመጫወት ተስማማ። ያንን ጨዋታ ፊሸር አሸነፈ። ስፓስኪን ሲያሸንፍ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። አራተኛው በአቻ ተፈጸመ፤ አምስተኛውን ፊሸር ወሰደ። ስድስተኛው ሲጀመር ሁለቱም እኩል ሁለት ተኩል ነጥብ ነበራቸው።

አንባብያን ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ስለ ጭብጨባው ገና አልነገርኳችሁም። ያ ሰው ግን ድሉን በእጁ ይዞ ሳለ ባላጋራው ወደ ሰሌዳው እንዲመለስ መንገድ የከፈተ ሰው ነበር። በሽንፈት ጊዜ የሚታይ መልካም ጠባይ በዚያች ሰዓት ብቻ የሚወለድ አይደለም። አስቀድሞ በሰውየው ውስጥ የነበረ ነው።

በር መክፈቻው

ቼዝ ለማታውቁ አንባብያን ትንሽ ላብራራ። ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ወገን 16፣ በጠቅላላው 32 ጠጠሮች ይሰለፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት እርምጃዎች የጨዋታው መክፈቻ ይባላሉ። ሠራዊቱ ከሰፈሩ ወጥቶ ቦታ ቦታውን የሚይዝበት ጊዜ ነው። ለዘመናት ከተጠኑ በኋላ አብዛኞቹ መክፈቻዎች ስም ወጥቶላቸዋል፤ የስፔን፣ የጣልያን፣ የሲሲሊ እየተባሉ ይጠራሉ። ጎበዝ ተጫዋች የሚወደውን መክፈቻ የሚያውቀው የተወለደበትን ሰፈር እንደሚያውቅ ነው። የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚያወጣ፣ የትኛው ቅያስ ዝግ እንደሆነ በጨለማም አይስተውም።

ፊሸር ነጭ ሲይዝ ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥቂት ጊዜ በቀር የሚጀምረው በአንድ መንገድ ነበር፤ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ያራምዳል። ከዚህ የሚሻል አጀማመር የለም ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ቀን ግን ከንግሥቲቱ ጎን ከቆመው ቢሾፕ ፊት ያለውን ወታደር ገፋ። ጥቂት እርምጃዎች ሳይሄዱም ጨዋታው «የንግሥት ጋምቢት» ወደሚባለው ጥንታዊ መክፈቻ ገባ። ስፓስኪም በሰባተኛው እርምጃ በንግሥቲቱ ወገን፣ ከጥጉ ሁለተኛ የሆነውን ወታደር አንድ ቤት ገፋ። ይህ መከላከያ በታላቁ ተጫዋች በታርታኮወር ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ስፓስኪ ለዓመታት የተማመነበት ምሽጉ ነበር።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ፊሸር የራሱን ሰፈር ትቶ ወደ ስፓስኪ ሰፈር ሄደ። ባላጋራው በሚያውቀው መንገድ፣ ባላጋራው በሚወደው ቤት ሊገጥመው መረጠ።

እዚህ ላይ ከጉዳያችን የማይርቅ አንድ ነገር ላንሳ። በመክፈቻ ላይ መጽሐፍ መጻፍን አውሮፓውያን አልጀመሩትም። ቼዝ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ሙስሊሞች ዓለም ሲገባ «ሸጠረንጅ» ይባል ነበር። በዐባሲዮች ዘመን በባግዳድ አል-ዐድሊና አቡበክር አስ-ሱሊ የመሳሰሉ ሊቃውንት ስለ ጨዋታው መጻሕፍት ጽፈዋል። በዚያ ጊዜ ወታደሮች አንድ አንድ ቤት ብቻ ይራመዱ ስለነበር፣ ተጫዋቾች ከመጋጠማቸው በፊት ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት የታወቀ አሰላለፍ ነበራቸው። ይህንንም «ተዕቢያ» ይሉታል። ዛሬም የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ከመክፈቻ በኋላ የሚደርሱበትን የታወቀ አሰላለፍ «ታቢያ» ብለው ይጠሩታል። ስፓስኪ በሰባተኛው እርምጃ የደረሰበት ቦታ የታርታኮወር ታቢያ ነው።

ቃላቱም ታሪኩን ይመሰክራሉ። እኛ ንግሥት የምንላትን ጠጠር ሩስያውያን እስከ ዛሬ «ፌርዝ» ይሏታል፤ ቢሾፑን ደግሞ በቋንቋቸው «ዝሆን» ይሉታል፤ በዐረብኛው «ፊል» እንደሚባለው ማለት ነው። በአገራችንም ቤተ መንግሥትና መኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረው ጥንታዊ ቼዝ «ሰንጠረዥ» ይባል ነበር፤ ስሙ ራሱ ሸጠረንጅ ነው። ዛሬ በአማርኛ መስመርና ዓምድ ያለውን የቁጥር መደርደሪያ ሁሉ ሰንጠረዥ የምንለው ከዚያው ሰሌዳ ወርሰን ነው። በዚያ በእኛ ጨዋታ መክፈቻው «ወረራ» ይባል ነበር። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ ሠራዊታቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር።

ጨዋታው እንዴት ሄደ

ወደ ሬይካቪክ እንመለስ። ከስምንተኛው እስከ ዐሥረኛው እርምጃ በመሐል ሜዳው ወታደር በወታደር፣ ቢሾፕ በቢሾፕ፣ ፈረስ በፈረስ ተለዋወጡ። አቧራው ሲሰክን ብዙም ሳይቆይ ስፓስኪ በመሐል ሜዳ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ወታደሮች ቀሩት። ከግራም ከቀኝም የሚደግፋቸው ሌላ ወታደር አልነበረም። እንዲህ ያሉ ወታደሮች ወደፊት መሄድ ከቻሉ ኃይል ናቸው፤ በቆሙበት ከተያዙ ግን ለባለቤታቸው ሸክም ናቸው።

በዐሥራ አራተኛው እርምጃ ፊሸር ቢሾፑን ወደ ባላጋራው ክልል ላከ። ይህ እርምጃ የፊሸር ፈጠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ፉርማን የተባለ የሶቪየት ተጫዋች በአገሩ ሰው በጌለር ላይ ተጫውቶት ነበር። ጌለር ደግሞ በሬይካቪክ ከስፓስኪ ረዳቶች አንዱ ነበር። ለዚህች እርምጃ መልሱ ንግሥቲቱን ሦስት ቤት ማዛወር መሆኑን ያሳየውም ራሱ ጌለር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በሆላንዳዊው ቲማን ላይ ተጠቅሞበት አሸንፏል። ስፓስኪ በዚያ ቀን የተጫወተው ግን ያንን አልነበረም። ቢሾፑን ለማባረር ጥግ ያለውን ወታደር ገፋ። መድኃኒቱ በገዛ ሰፈሩ እያለ በሽታው ጸናበት ማለት ነው።

በሃያኛው እርምጃ ፊሸር ከንጉሡ ፊት የነበረውን ወታደር አንድ ቤት አራመደ። የተለመደ የልጅነት እርምጃውን በመጀመሪያው ፈንታ በሃያኛው ተጫወተው ቢባል ይቀላል። ስፓስኪ የራሱን ወታደር ወደፊት አሳለፈ። ከዚያ በኋላ የጥቁሩ ወታደሮች ተቆለፉ፤ የነጩ ቢሾፕ ግን የሚቋቋመው አጥቶ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ያዘ። የፊሸር ሁለት ግንቦች በአንድ መስመር ላይ ተደራረቡ። በሠላሳ አንደኛው እርምጃ ወታደሩ እንደ ሽብልቅ በጥቁሩ ሠራዊት መካከል ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ለልጆቼ ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። ፊሸር ያሸንፍ ዘንድ ሁሉም ነገር ተሰናድቶለት ሳለ አልቸኮለም። ከሠላሳ ሦስተኛው እስከ ሠላሳ ሰባተኛው ድረስ አምስት ጸጥ ያሉ እርምጃዎችን ተራመደ፤ አንድ ወታደር ገፋ፣ ግንቦቹን አስተካከለ፣ ቢሾፑንና ንግሥቲቱን ወደ ተሻለ ቦታ አዛወረ። በዚያን ጊዜ ሁሉ የስፓስኪ ንግሥት በሁለት ቤቶች መካከል ትመላለስ ነበር፤ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። እኔ ትዕግሥትን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላገኘሁም። ሶብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱን ነገር በቦታው እያኖሩ ጊዜውን መጠበቅ ነው።

በሠላሳ ስምንተኛው እርምጃ ፊሸር አንዱን ግንብ በፈረስ ለወጠ። የንጉሡ አጥር ፈረሰ። በአርባ አንደኛው እርምጃ ስፓስኪ መሸነፉን አመነ።

ጭብጨባው

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ነገሩ የሆነው። ስፓስኪ ከመድረኩ ላይ ሆኖ ከተመልካቹ ጋር አብሮ ያጨበጭብ ጀመር። የመሪነቱን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ የነጠቀው ሰው ከፊቱ አለ። የአገሩ ባለ ሥልጣናት እንደማይደሰቱበትም ያውቃል። ገና ብዙ ጨዋታ ይቀራል። ሆኖም ያየው ነገር ውብ ስለነበረ ውብ ነው አለ። ፊሸር ራሱ በዚህ እጅግ እንደተደነቀና ስፓስኪን በጨዋነቱ እንዳመሰገነው ተጽፏል።

ውድድሩ በ21 ጨዋታ አብቅቶ ፊሸር 12 ተኩል ለ 8 ተኩል በሆነ ነጥብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1975 ዘውዱን ለመከላከል ፈቃደኛ ሳይሆን ቀርቶ ያለ ጨዋታ ለካርፖቭ ተላለፈ። በስተርጅናውም ጥላቻ የሞላባቸው ብዙ ንግግሮችን ተናግሯል። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በአንድ ሙያ ታላቅ መሆንና ታላቅ ሰው መሆን አንድ አለመሆናቸውን ልጆቻችን ከወዲሁ ቢያውቁት ይበጃል። ያንን ጨዋታ ያሸነፈው ፊሸር ነው፤ ልጄ እንዲመስለው የምመኘው ግን የተሸነፈውን ነው።

በእኛ ቤት የሆነው

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ቼዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እርሱ ደግሞ በሁለት ዓመት የሚያንሰውን የጎረቤታችንን ልጅ አስተማረው። ሁለቱ ከትምህርት ቤት መልስ በረንዳችን ላይ ሲጫወቱ ያመሹ ነበር። ልጄ የሚወደው መክፈቻ የጣልያን የሚባለው ነው። ፈረሱ መቼ እንደሚወጣ፣ ቢሾፑ የት እንደሚቆም ለታናሹ አንድ በአንድ ያሳየው እርሱ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የወጣቶች ውድድር ተዘጋጅቶ ሁለቱ በመጨረሻው ዙር ተገናኙ። ታናሹ ነጭ ደረሰው፤ መክፈቻውም ያው የተማረው የጣልያን ሆነ። በሠላሳ እርምጃ አካባቢ አሸነፈ። ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ የልጁን ስም መጥራት ተወ። በመንገድ ሲያገኘው ፊቱን ያዞራል። «እኔ ባስተማርኩት ነው የበላኝ» የምትለውን ቃል ለእኅቱ ሲናገር ሰምቻለሁ። ሳምንት ሞላ፤ ሁለት ሳምንት ሆነ። የልጁ እናት ነገሩ ገብቷት አንድ ቀን በር ላይ አግኝታኝ «ልጆቹን ምን ነካብን?» አለችኝ።

ከሁሉ የከፋቸው እናቴ ናቸው። እርሳቸው ከመጀመሪያውም ይህን ጨዋታ አይወዱትም፤ «ቁማር ነው» ይሉታል። ያን ቀን ማታ ሰሌዳውን ከመደርደሪያ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «እኛና እነሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአጥር ላይ እሳትና እርሾ ስንቀባበል ኖረናል፤ አሁን በእንጨት ፈረስ ልንቆራረጥ ነው ወይ? ነገ ይህን ነገር እምድጃ ውስጥ ባላገኘው ታዩኛላችሁ» አሉ። መልስ አልሰጠሁም። እውነታቸውን ነበርና።

በማግስቱ በመስጊዳችን ወደሚያስተምሩት ሸኽ ሄጄ ጠየቅሁ። እኔ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ የሰማሁትን ብቻ ላስተላልፍ። ሸኹ እንዳስረዱኝ በቼዝ ጉዳይ ዑለማዎች አንድ ቃል አይደሉም። የሐነፊ፣ የማሊኪና የሐንበሊ መዝሀብ ሊቃውንት አብዛኛዎቹ ከልክለውታል። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ መክሩህ ነው የሚለው የታወቀ ነው፤ እርሱም ቢሆን በገንዘብ ካልሆነ፣ ሶላትን ከወቅቱ ካላሳለፈና ወደ ክፉ ንግግር ካልወሰደ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ በዚህም መዝሀብ ሐራም ይሆናል። ከዚያ ሸኹ ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ገንዘብ አለበት?» የለበትም አልኩ። «ሶላት ያልፍበታል?» አያልፍበትም፤ አዛን ሲሰማ ሰሌዳው እንዲዘጋ ደንብ አለን አልኩ። «ምላሱና ልቡስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሸኹም «እንግዲህ ችግራችሁ በሰሌዳው ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው» ብለው ደረታቸውን ነኩ። «ይህ ካልተስተካከለ እናትህ ትክክል ናቸው።»

ወደ ቤት ተመልሼ ከልጄ ጋር ተዋዋልን። ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ሰላም እስኪባባል ድረስ ሰሌዳው አይከፈትም፤ እስከዚያው ግን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ጨዋታ በወረቀት ላይ አሳየዋለሁ። ሦስት ማታ ፈጀብን። በመጀመሪያው ማታ መክፈቻውን፣ በሁለተኛው የመሐል ሜዳውን፣ በሦስተኛው መጨረሻውን አሳየሁት። ስለ ጭብጨባው እስከ ሦስተኛው ማታ አልነገርኩትም።

ስነግረው ዝም አለ። ቀጥሎም «አባ፣ በራሱ መክፈቻ፣ በራሱ ቤት አሸንፎት እንዴት ያጨበጭብለታል?» አለኝ።

«ቤቱ ስለሆነ ነዋ» አልኩት። «መንገዱን የማያውቅ ሰው የፊሸርን እርምጃ እንዴት አድርጎ ያደንቃል? አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ያ ጨዋታ ምን ያህል ድንቅ እንደነበረ አብልጦ የሚያውቀው የተሸነፈው ሰው ነው። አዋቂ ነውና ያየውን አልካደም።»

ጥቂት አሰብ አድርጎ «ያስተማረው ግን እርሱ አልነበረም» አለኝ።

«አዎ፤ አንተ ግን አስተምረሃል» አልኩት። «ስፓስኪ ካጨበጨበ የአንተ ጭብጨባ እጥፍ መሆን አለበት። የዘራኸው ዘር በቅሎ ስታይ ማሳውን ትረግጣለህን?»

መልስ አልሰጠኝም። እኔም አልጨመርኩበትም። በሚቀጥለው ጁምዓ እናቴ ሳምቡሳ ጠቅልለው ለጎረቤት እንዲያደርስ ላኩት። የአምስት ደቂቃ መንገድ ሳይሆን ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን፤ እርሱ ግን የተመለሰው ዐስር ሶላት ሊደርስ ሲል ነው። ልጁ የት ቦታ ላይ እንደበለጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያሳየው ጠይቆት ኖሯል። «ጎበዝ ነው» ብሎኝ ወደ ዉዱእ ሄደ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሰሌዳው ተከፈተ። እናቴ ዛሬም ጨዋታውን አይወዱትም፤ ሲጫወቱ ግን ሻይ ያቀርቡላቸዋል። ልጄም ቢሆን ፈጽሞ ተለውጧል አልላችሁም። አሁንም ሲሸነፍ ጆሮው ይቀላል። ነገር ግን እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል።

የቀደመችው ግመል

ለነገሩ እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመማር እስከ አይስላንድ መሄድ ባላስፈለገንም ነበር። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ዐድባእ» የተባለች ግመል እንደነበረቻቸውና በሩጫ የሚቀድማት እንዳልነበረ ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ.) ይዘው ዘግበዋል። አንድ ቀን አንድ የገጠር ሰው በወጣት ግመሉ ሆኖ መጣና ቀደማት። በሶሓቦቹ ላይ ይህ ከበዳቸው፤ ፊታቸውም ላይ ታየ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሰውየውን አልወቀሱትም፤ ሩጫውም ይደገም አላሉም። በዚህች ዓለም ላይ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ዝቅ እንዲል ማድረግ የአላህ ሥራ መሆኑን አስረዷቸው።

ይህንን ሐዲስ ስንቶቻችን በልጆቻችን ጨዋታ ላይ እናስታውሰዋለን? በእግር ኳስ ሜዳ፣ በፈተና ውጤት፣ በቁርኣን ሒፍዝ ውድድር እንኳ ሳይቀር የጎረቤት ልጅ ሲበልጥብን ፊታችን የሚከብድ ወላጆች ጥቂት አይደለንም። ልጁ የሚያነበው የእኛን ፊት ነው። በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ላይ፣ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ፍትሐዊ ከመሆን እንዳያግደን ታዘናል። ጥላቻ ባለበት ቦታ እንኳ ፍትሕ ግዴታ ከሆነ፣ በወንድማማቾች መካከል ባለ ጨዋታማ ምን ያህል ይገባ ይሆን? ባላጋራህ የሠራውን መልካም ነገር መልካም ብሎ መመስከር ሊቃውንቶቻችን ኢንሷፍ የሚሉት ነው።

እስከ እስር ቤት ደጃፍ

የስፓስኪ ጭብጨባ የአንድ ቀን ስሜት አለመሆኑን ያሳየው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለቱ በዩጎዝላቪያ እንደገና ተጫወቱ። አገሪቱ ማዕቀብ ተጥሎባት ስለነበር አሜሪካ ፊሸርን በወንጀል ከሰሰችው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን አውሮፕላን ማረፊያ ተይዞ ታሰረ። ያን ጊዜ ስፓስኪ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ። ምሕረት እንዲደረግለት ለመነ። እኔም ያንኑ አድርጌአለሁና እኔንም እሰሩኝ፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ክፍል አስቀምጡንና የቼዝ ሰሌዳ ስጡን የሚል መልእክት ነበረበት። ዘውዱን ለወሰደበት ሰው፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ይህን ጻፈ።

አይስላንድ ለፊሸር ዜግነት ሰጥታው እ.ኤ.አ. በ2008 በ64 ዓመቱ በዚያው በሬይካቪክ ሞተ። ስፓስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 በ88 ዓመቱ በሞስኮ አረፈ። የስድስተኛው ጨዋታ እርምጃዎች ዛሬም በመጻሕፍት ይታተማሉ። የአሸናፊው ብልሃት በተጻፈበት ሁሉ ግን የተሸናፊው ጭብጨባ አብሮ ይጻፋል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ወደፊት ብዙ ሰሌዳ ይጠብቃቸዋል፤ ትምህርት አለ፣ ሥራ አለ፣ ንግድ አለ፣ ትዳር አለ። በሁሉም ላይ ሁልጊዜ አሸናፊ ልናደርጋቸው አንችልም። ያስተማሩት ይበልጣቸዋል፤ የረዱት ይቀድማቸዋል። በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያደርጉ የሚወሰነው ዛሬ እኛ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጅህ ከውድድር ሲመለስ ከሁሉ አስቀድመህ «አሸነፍክ ወይ?» አትበለው። «ባላጋራህ ምን ጥሩ ነገር አደረገ?» ብለህ ጠይቀው። መልሱን አስቦ የሚናገር ከሆነ ቢሸነፍም አትርፎ መጥቷል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልቦቻችንን ከምቀኝነት ያጽዳልን፤ ልጆቻችንንም ሲያሸንፉ የማይታበዩ፣ ሲሸነፉ የማይቀየሙ ያድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።